ሳይረኑ ከቆመ በኋላ የሚነበብ ካርድ



አምቡላንስ ሲያልፍ ሰው ሁሉ ዞር ይላል። ባለመኪናው ዳር ይይዛል፣ እግረኛው ቆም ይላል፣ እናት የልጇን እጅ ጠበቅ አድርጋ ትይዛለች። አንዱ «ማርያም ትድረስለት» ሲል ሌላው «አላህ ያሽረው» ይላል። ድምፁ ሲርቅ መንገዱ ወደ ቀድሞ ግርግሩ ይመለሳል፤ መኪናው ውስጥ የተደረገውን ግን ማንም አላየም። ኦክስጅኑ በስንት ተከፈተ? የደም ስኳሩ ተለካ? ሕመሙ ምን ያህል እንደሚያሠቃየው ሰውዬው ተጠየቀ? ይህን ሁሉ የሚጠይቅ አንድ ባለሙያ አለ። የሚሠራው ጠረጴዛ ላይ ነው፤ ጉዳዩ እጁ የሚገባውም ሕመምተኛው ሆስፒታል ከገባ፣ አንዳንዴም ድኖ ቤቱ ከተመለሰ ከሳምንታት በኋላ ነው። ክሊኒካል ኦዲተር ይባላል።

ኦዲተር ሲባል ብዙ ሰው የሚያስበው ደረሰኝ የሚያገላብጠውን፣ የጎደለ ገንዘብ የሚፈልገውን ነው። ይኼኛው የሚቆጥረው ሕክምና ነው። ሊደረግ የሚገባውን በአንድ ወገን፣ የተደረገውን በሌላ ወገን አስቀምጦ ያስተያያል። ልዩነት ካገኘ ምክንያቱን ይፈልጋል፤ ያገኘውን ለአምቡላንሱ ሠራተኞች መልሶ ያቀርባል፤ አሠራሩ ከተስተካከለ በኋላ ደግሞ እንደገና ይቆጥራል። ይህ ዙር ተጀምሮ እስኪዘጋ ድረስ ሥራው አላለቀም። ቆጥሮ ሪፖርት ጽፎ መደርደሪያ ላይ ማስቀመጥ ለአንድም ሕመምተኛ አይደርስም።

(በዚህ ንግግር የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ከመድረስ በኋላ ያለው ጥያቄ

አምቡላንስ ለረጅም ዘመን ማጓጓዣ ነበር። ሕመምተኛውን አንስቶ መሮጥ፣ ሆስፒታል በር ላይ ማስረከብ፣ በቃ። ይህን ከለወጡት ሰዎች አንዱ በሰሜን አየርላንድ ዋና ከተማ በቤልፋስት ይሠራ የነበረው የልብ ሐኪም ፍራንክ ፓንትሪጅ ነው። በልብ ደም ሥር መዘጋት ከሚሞቱት ሰዎች ብዙዎቹ ሆስፒታል ሳይደርሱ፣ ሕመሙ በጀመራቸው የመጀመሪያ ሰዓታት እንደሚያልፉ አስተዋለ። ስለዚህ በ1966 ከባልደረባው ከጆን ጌዴስ ጋር ሆኖ ሕክምናውን በመኪና ጭኖ ወደ ሕመምተኛው ደጃፍ መውሰድ ጀመረ። ምቱ የተዘበራረቀን ልብ በኤሌክትሪክ የሚያስተካክለው ዲፊብሪሌተር ያኔ 70 ኪሎ ያህል ይመዝን ነበር፤ የሚሠራውም በመኪና ባትሪ ነበር።

ሕክምና መኪና ላይ ከወጣ ወዲህ «አምቡላንሱ ደረሰ ወይ?» የሚለው ጥያቄ ብቻውን አይበቃም። «ደርሶ ምን አደረገ?» የሚል መከተል አለበት። መለኪያው ግን ቶሎ አልተከተለም። በእንግሊዝ ለብዙ ዓመታት የአምቡላንስ አገልግሎት የሚመዘነው በሰዓት ነበር፦ ለሕይወት አስጊ ከሆኑት ጥሪዎች 75 በመቶው ጋ በ8 ደቂቃ ውስጥ መድረስ። በዚህ መለኪያ 7 ደቂቃ ላይ ደርሶ ተገቢውን ሕክምና ያልሰጠ ቡድን ተሳክቶለታል ይባላል። 9 ደቂቃ ላይ ደርሶ ሰው ያዳነው ደግሞ እንደ ወደቀ ይቆጠራል። ይህ ለሠራተኛውም ለሕመምተኛውም የማይገባ ፍርድ ነው። በኤፕሪል 2011 እንግሊዝ ሌላ ዓይነት መለኪያ ጨመረች። ልቡ ቆሞ ከተገኘው ሰው ውስጥ የስንቱ ልብ መምታት ጀመረ? ስንቱ ከሆስፒታል በሕይወት ወጣ? የልብ ደም ሥሩ የተዘጋበትና ስትሮክ የመታው ሰው የሚገባውን ሕክምና በሙሉ አገኘ ወይ? እነዚህን መመለስ የሚቻለው የአምቡላንሱ ቡድን ለየሕመምተኛው የሚሞላውን ካርድ በማንበብ ነው።

ሐሳቡ ራሱ ከአምቡላንስ ይቀድማል። በ20ኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ በቦስተን ኧርነስት ኮድማን የሚባል ቀዶ ሐኪም ለእያንዳንዱ ሕመምተኛ ትንሽ ካርድ አዘጋጅቶ፣ ምን እንደታመመ፣ ምን እንደተደረገለትና በመጨረሻ ምን እንደሆነ ይጽፍ ነበር። በራሱ አነስተኛ ሆስፒታል ከ1911 እስከ 1916 ድረስ ታክመው የወጡት 337 ሰዎች ነበሩ። ኮድማን ከእነዚህ ሕክምናዎች ውስጥ 123 ስህተቶችን ለይቶ አሳተመ፤ የራሱም እዚያው ውስጥ ነበሩ። በዘመኑ የነበሩ ብዙ ባልደረቦቹ ይህን እንደ ነውር አዩት። በእኛ አገር «በሽታውን የሸሸገ መድኃኒት የለውም» የሚባለው ለታማሚ ነው፤ ኮድማን ለሐኪሙም እንደሚሠራ አሳየ።

አንድ ካርድ በቅርብ ሲታይ

አሁን አንድ ካርድ ጠረጴዛው ላይ ይቀመጥ። ሥራውን ለማስረዳት የተዘጋጀ ምሳሌ ነው፤ የአንድ የታወቀ ሰው ታሪክ አይደለም።

የ58 ዓመት ሰው። ደረቱን ጨምድዶ ይዞታል፣ ላብ አጥምቆታል። ጥሪው የመጣው ከሌሊቱ 9 ሰዓት ከ40 ነው፤ አምቡላንሱ በ7 ደቂቃ ደርሷል። ኢሲጂ፣ ማለትም የልብ ኤሌክትሪክ ንባብ፣ ተነሥቷል፤ የልብ ደም ሥር መዘጋት ያሳያል። አስፕሪን 300 ሚሊግራም ተሰጥቷል። ከምላስ ሥር የሚረጨው ናይትሮግሊሰሪን ተሰጥቷል። ቀጥሎ የሕመም መጠን ከ0 እስከ 10 የሚጻፍበት ሳጥን አለ፤ 8 ተብሏል። ከዚያ በታች «ማስታገሻ» የሚል መስመር አለ፤ ባዶ ነው። ከማስታገሻው በኋላ ሕመሙ ስንት እንደሆነ የሚጻፍበት ሁለተኛ ሳጥንም ባዶ ነው።

ኦዲተሩ እዚህ ላይ ብዕሩን ያቆማል። ባዶ ሳጥን ብዙ ነገር ሊሆን ይችላል። ምናልባት ሞርፊን ተሰጥቶ መጻፉ ተረስቷል። ምናልባት ሰውዬው አልፈልግም ብሏል። ምናልባት ሆስፒታሉ ቅርብ ስለነበር «እዚያ ይሰጡታል» ተብሏል። ምናልባት መድኃኒቱ መኪናው ላይ አልነበረም፣ ወይም ለመስጠት የተፈቀደለት ሰው በዚያ ሌሊት ተረኛ አልነበረም። ሕክምና ቤት ውስጥ «ካልተጻፈ አልተደረገም» ይባላል፤ ለቆጠራው ይህ ደንብ ያስፈልጋል። ለመፍትሔው ግን አይበቃም። የተረሳ ጽሑፍ የሚድነው ቅጹን በማስተካከል ነው፤ የጎደለ መድኃኒት የሚድነው በመጋዘን ነው፤ የፈቃድ ችግር የሚድነው በሥልጠናና በመመሪያ ነው። ሁሉንም በአንድ የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ለማከም የሚሞክር መሥሪያ ቤት በቀጣዩ ወር ያንኑ ባዶ ሳጥን ያገኛል።

ቆጠራው ራሱ ጥንቃቄ ይጠይቃል። ለአስፕሪን አለርጂ ያለበት ሰው አስፕሪን ባለመውሰዱ አምቡላንሱ ሊወቀስ አይገባም፤ «በቂ ምክንያት ያለው» ተብሎ ለብቻው ይመዘገባል። የትኛው ካርድ ኦዲቱ ውስጥ እንደሚገባ፣ የትኛው እንደማይገባ ከመጀመሩ በፊት በጽሑፍ ይወሰናል። ከካርዶቹ የተወሰኑትን ሁለት ሰዎች ለየብቻ ያነባሉ፤ መልሳቸው ከተለያየ ደንቡ ግልጽ አልሆነም ማለት ነው፤ ይታረማል። ይህ ሁሉ አሰልቺ ሊመስል ይችላል። ነገር ግን አንድ የጣቢያ ኃላፊ «ቁጥርህን ከየት አመጣኸው?» ብሎ ሲጠይቅ ኦዲተሩ አንገቱን ቀና አድርጎ የሚመልሰው በዚህ ነው።

ከ43 ወደ 79

የልብ ደም ሥር መዘጋት ሕክምና በእንግሊዝ የአምቡላንስ መለኪያ ውስጥ እንደ አንድ ጥቅል ይታያል፦ አስፕሪን፣ ናይትሮግሊሰሪን፣ የሕመም መጠን ከሕክምና በፊትና በኋላ፣ ማስታገሻ። ጥቅሉ ተሟላ የሚባለው ሁሉም ሲደረጉ ነው። ሦስቱ ተደርገው አንዱ ከቀረ፣ አልተሟላም።

ይህ ጥብቅነት ለምን እንዳስፈለገ ትንሽ ስሌት ያሳያል። አራት ነገሮች እያንዳንዳቸው ለ90 በመቶው ሕመምተኛ ቢደረጉ ማንም ሰው ጥሩ ነው ይላል። ነገር ግን የአንዱ መቅረት ከሌላው መቅረት ጋር ካልተያያዘ አራቱንም ያገኘው ሰው 66 በመቶ ገደማ ብቻ ነው። ከሦስት ሰው አንዱ የሆነ ነገር ቀርቶበታል። ነጥቦቹ ለየብቻ ሲታዩ የማይታይ ጉድለት ሕመምተኛው ላይ ሲደመር ይታያል፤ ሕመምተኛው ደግሞ የሚታከመው በድምሩ ነው።

ከ2010 እስከ 2012 ድረስ በመላው እንግሊዝ 12 የአምቡላንስ ድርጅቶች ይህን ጉድለት ለመዝጋት በአንድነት ሠሩ። ሥራውን የመሩት የሊንከን ዩኒቨርሲቲው ፕሮፌሰር ኒሮሻን ሲሪዋርደናና ባልደረቦቻቸው ነበሩ። መኪና ላይ የሚሠሩት ሰዎች ራሳቸው ተሰብስበው ከጥሪው እስከ ርክክቡ ያለውን መንገድ ደረጃ በደረጃ ሣሉት፤ የት ላይ እንደሚቀር ራሳቸው ጠቆሙ። ማስታወሻ ካርድና የማረጋገጫ ዝርዝር አዘጋጁ፤ አዲሱን ነገር መጀመሪያ በትንሹ እየሞከሩ፣ የሠራውን አስፋፉ፤ ለየሠራተኛው የሥራውን ውጤት አሳዩት። በዚያ ጊዜ ውስጥ የልብ ሕክምናው ጥቅል ከ43 በመቶ ወደ 79 በመቶ ወጣ። የስትሮኩ ጥቅል፣ ማለትም የፊት፣ የክንድና የንግግር ምርመራ፣ የደም ስኳርና የደም ግፊት፣ ከ83 ወደ 96 በመቶ ደረሰ።

የደም ስኳር ከስትሮክ ጋር ምን አገናኘው የሚል አድማጭ ይኖራል። ስኳሩ በጣም የወረደ ሰው አፉ ሊኮላተፍ፣ አንድ ጎኑ ሊዝል ይችላል፤ ላየው ሰው ቁርጥ ስትሮክ ይመስላል። ጣቱ ተወግቶ በአንድ ጠብታ ደም ቢታወቅ እዚያው ቤቱ ውስጥ ግሉኮስ ተሰጥቶት ሊነቃ ይችላል። አንድ ባዶ ሳጥን ይህን ያህል ይመዝናል።

እድገቱ እውነተኛ መሆኑን የሚያረጋግጡበት መሣሪያ ደግሞ ከፋብሪካ የመጣ ነው። በ1924 ዋልተር ሹዋርት የሚባል አሜሪካዊ የስልክ ዕቃ ፋብሪካ ምርት ጥራት የሚከታተልበት ሠንጠረዥ ነደፈ፦ በየጊዜው አንድ ነጥብ፣ በመሐል አማካይ መስመር፣ በላይና በታች ወሰን። ዛሬ የአምቡላንስ ኦዲተር ያንኑ ሠንጠረዥ በየወሩ ይሞላል። አንድ ወር ከፍ፣ አንድ ወር ዝቅ ማለት የተለመደ መዋዠቅ ነው። ስምንት ነጥቦች በተከታታይ ከመስመሩ በላይ ሲያርፉ ግን አንድ ነገር በእርግጥ ተለውጧል። ይህን የማይለይ ኃላፊ በጥሩ ወር ይሸልማል፣ በመጥፎ ወር ይቆጣል፤ በሁለቱም ጊዜ የሚያባርረው አጋጣሚን ነው።

እጆች ሲያርፉ

ልቡ የቆመ ሰው የሚድነው ደረቱ ሳይቋረጥ ሲጫን ነው። ይህን የአምቡላንስ ሠራተኛ ሁሉ ያውቃል፣ ተፈትኖበታልም። መኪናው ላይ ምን ያህል እንደሚደረግ ግን እስኪለካ ድረስ ማንም አላወቀም። በ2005 የኖርዌዩ ሐኪም ላርስ ቪክና ባልደረቦቹ በስቶክሆልም፣ በለንደንና በኦስሎ አጠገብ ባለችው በአከርስሁስ ልባቸው የቆመ የ176 ሰዎችን የዲፊብሪሌተር ቅጂ መርምረው አሳተሙ። መለኪያው እያንዳንዱን ግፊት ይመዘግብ ነበር። ልቡ በቆመበት ጊዜ ውስጥ 48 በመቶ ያህሉ ደረቱ ሳይጫን ያለፈ ሆኖ ተገኘ። አማካይ የግፊቱ ጥልቀት 34 ሚሊሜትር ነበር፤ መመሪያው ያኔ ቢያንስ 38 ይል ነበር። ሠራተኞቹ ሰነፎች አልነበሩም፤ በጥሩ አገልግሎት ውስጥ የሚሠሩ የሠለጠኑ ሰዎች ነበሩ። ላባቸው እየተንጠፈጠፈ፣ ያለ ዕረፍት የጫኑ ይመስላቸው ነበር።

በአሜሪካ ሲያትል ከተማ በምትገኝበት በኪንግ ካውንቲ ደግሞ ነገሩ ዕለታዊ ልማድ ሆኗል። ልብ በቆመ ቁጥር የዲፊብሪሌተሩ ቅጂና ወደ ድንገተኛ ጥሪ ቁጥሩ ወደ 911 የተደረገው የስልክ ጥሪ ድምፅ ይሰበሰባሉ፤ እያንዳንዱ ጉዳይ ይገመገማል፤ ግምገማው ለቡድኑ ይመለሳል። በጃንዋሪ 2005 አሠራራቸውን ለወጡ። ቀደም ሲል ሦስት ጊዜ በተከታታይ ኤሌክትሪክ ይሰጥ ነበር፤ በየመሐሉም ማሽኑ ምቱን እስኪያነብ እጅ ይታጠፋል። አዲሱ ደንብ አንድ ጊዜ ኤሌክትሪክ፣ ወዲያው ሁለት ደቂቃ ደረት መጫን ሆነ። ከኤሌክትሪኩ እስከ ቀጣዩ ግፊት ያለው ጊዜ ከ28 ሰከንድ ወደ 7 ወረደ። ሰው እያያቸው ወድቀው ልባቸው በተዘበራረቀ ምት ከተገኙት ውስጥ ከሆስፒታል በሕይወት የሚወጡት ከ33 በመቶ ወደ 46 ከፍ አሉ። አዲስ መድኃኒት አልተገዛም። የተወገደው በሌላ መንገድ የማይታይ፣ በቅጂ ላይ ብቻ የሚታይ የ21 ሰከንድ ዝምታ ነው።

ሲያትልና አካባቢዋ ብዙ ኢትዮጵያውያን የሚኖሩባት ናት፤ ስለዚህ የስልኩ ጉዳይ ለአማርኛ ተናጋሪ የቅርብ ነገር ነው። እዚያው የተደረጉ ጥናቶች እንዳሳዩት ጠሪው እንግሊዝኛ በደንብ በማይናገርበት ጊዜ፣ ስልክ ተቀባዩ የልብ መቆሙን ለመለየትም ሆነ ጠሪውን ደረት ለማስጫን ይዘገያል። እናቱ ሳሎን ውስጥ የወደቀችበት ልጅ ቃሉ ሲጠፋበት፣ እያንዳንዱ ሰከንድ ስልኩ ላይ ይቆጠራል። ይህን ያሳየው የጥሪውን ቅጂ ደጋግሞ የሰማ ገምጋሚ ነው። አድራሻን በእንግሊዝኛ መናገር መለማመድ፣ ቋንቋን ለይቶ «አምሃሪክ» ብሎ አስተርጓሚ መጠየቅ፣ ይህ ሁሉ በማኅበር ስብሰባ፣ በቤተ ክርስቲያንና በመስጊድ አዳራሽ በአንድ ሰዓት ሊሰጥ የሚችል ትምህርት ነው።

ቱቦው የት ገባ

ኦዲት ለማመን የሚከብድ ነገር ሲያወጣ የታየበት አጋጣሚ በፍሎሪዳ፣ በኦርላንዶ ነው። በ2001 የታተመ አንድ ምርመራ፣ ፓራሜዲኮች፣ ማለትም የአምቡላንስ ሕክምና ባለሙያዎች፣ መንገድ ላይ የመተንፈሻ ቱቦ ያስገቡላቸውን 108 ሕመምተኞች ድንገተኛ ክፍል ሲደርሱ ፈተሸ። በ27ቱ ቱቦው በቦታው አልነበረም። ከእነዚያ ውስጥ 18ቱ የምግብ ቧንቧ ውስጥ ገብቶ ተገኘ። አየሩ ወደ ሳንባ መሄዱ ቀርቶ ወደ ሆድ ይሄድ ነበር።

ቁጥሩን ደብቆ ማለፍ ይቻል ነበር፤ አልተደረገም። መፍትሔው ከሕመምተኛው ትንፋሽ ጋር የሚወጣውን ካርቦን ዳይኦክሳይድ ያለማቋረጥ የሚለካ ትንሽ መሣሪያ ሆኖ ተገኘ። ሳንባ ውስጥ ያለ ቱቦ በየትንፋሹ ማዕበል ይሥላል፤ ሆድ ውስጥ ያለ ቱቦ ጠፍጣፋ መስመር ያሳያል። በዚያው አካባቢ በ2005 የታተመ ሌላ ጥናት 153 ሕመምተኞችን ተመለከተ። መሣሪያው ያለማቋረጥ ከተደረገላቸው ውስጥ ሳይታወቅ የተሳሳተ ቱቦ ያለው አንድም አልተገኘም። ካልተደረገላቸው ውስጥ 23 በመቶው ተሳስቶ ነበር። ዛሬ በብዙ አገሮች «ማዕበሉ ታይቷል ወይ?» የሚለው የአምቡላንስ ካርድ የማይታለፍ ሳጥን ሆኗል።

ምርምርና ኦዲት አንድ እንዳልሆኑ መለየትም ይጠቅማል። ምርምር ትክክለኛው ነገር ምን እንደሆነ ይፈልጋል፤ ኦዲት ትክክለኛው ነገር መደረጉን ይፈትሻል። በአውስትራሊያዋ ታዝማኒያ ደሴት በ2010 የታተመ ሙከራ ነበር። አየር አጥሯቸው አምቡላንስ የጠሩና የቆየ የሳንባ ሕመም አለባቸው ተብለው የተገመቱ 405 ሰዎች በሁለት ተከፈሉ። ለአንደኛው ቡድን እንደ ቀድሞው ኦክስጅን በብዛት ተሰጠ፤ ከእነዚህ 9 በመቶው ሞቱ። ለሌላው እየተለካ፣ በደም ውስጥ ያለው ኦክስጅን ከ88 እስከ 92 በመቶ እንዲሆን ተደርጎ ተሰጠ፤ ከእነዚህ የሞቱት 4 በመቶ ናቸው። የምርምሩ ሥራ እዚያ አለቀ። ከዚያ በኋላ ያለው ጥያቄ የኦዲተሩ ነው፦ ዛሬ ሌሊት በዚህ ከተማ፣ የሳንባ ሕመምተኛውን የጫነው ቡድን ኦክስጅኑን እየለካ ሰጠው? ለማዳን የተቸኮለ እጅ ቁልፉን እስከ መጨረሻው መክፈቱ ከደግነት ነው። ለካርዱ የሚያስፈልገው ግን የተለካው ቁጥር ነው።

ከስንቱ?

«ያዳንነው ሃያ በመቶ ነው» የሚል አገልግሎት ሲገኝ ኦዲተር የመጀመሪያ ጥያቄው «ከስንቱ?» ነው። በ1990 የኪንግ ካውንቲው ሐኪም ሚኪ አይዘንበርግና ባልደረቦቹ ከ29 ከተሞች የወጡ ሪፖርቶችን ጎን ለጎን አስቀምጠው ልቡ ቆሞ የዳነው ሰው ከ2 እስከ 25 በመቶ እንደሚለያይ አሳዩ። ልዩነቱ ከሕክምናው ብቻ የመጣ አልነበረም፤ አንዱ ከተማ ሁሉንም ይቆጥራል፣ ሌላው የመዳን ተስፋ ያላቸውን ብቻ። በዚያው ዓመት በኖርዌይ ኡትስታይን በሚባል ጥንታዊ ገዳም የተሰበሰቡ ባለሙያዎች ሁሉም በአንድ ቋንቋ እንዲቆጥር ደንብ መቅረጽ ጀመሩ። ዛሬም ከኦሳካ እስከ ኦስሎ ድረስ የልብ መቆም መዝገብ የሚሞላው በኡትስታይን ደንብ ነው።

ከሁሉ ይልቅ ጥንቃቄ የሚጠይቀው ግን የሰው ነገር ነው። ሠራተኛው ኦዲተሩን እንደ ስህተት አዳኝ ካየው ካርዱ ይዋሻል። ባዶው ሳጥን ሳይለካ በተገመተ ቁጥር ይሞላል፤ ያን ጊዜ ሁሉም ነገር መቶ በመቶ ይሆንና ሕመምተኛው ብቻውን ይቀራል። ስለዚህ ጥሩ የኦዲት ክፍል ቁጥሩን ለጣቢያው በጥቅል ያቀርባል፤ ሆን ተብሎ የተፈጸመ ጥፋት ከተገኘ በሌላ መንገድ ይታያል። ከዚህም ሌላ አንድ የተረሳ ስጦታ ይመልሳል። የአምቡላንስ ሠራተኛ ሕመምተኛውን ድንገተኛ ክፍል አስረክቦ ይሄዳል፤ ሰውዬው ዳነ ወይስ አረፈ፣ ብዙ ጊዜ ሳያውቅ ይቀራል። ኦዲተሩ የሆስፒታሉን መዝገብ ከአምቡላንሱ ካርድ ጋር ሲያገናኝ «በዚያ ሌሊት ደረቷን የጫናችሁላት ሴት በእግሯ ወደ ቤቷ ሄዳለች» ብሎ መጻፍ ይችላል። ይህን ደብዳቤ መቆለፊያ ሳጥናቸው ውስጥ ለዓመታት የሚያስቀምጡ አሉ።

በአገር ቤት

በኢትዮጵያ አምቡላንስ ሲባል ቀይ መስቀል ይታሰባል፤ ማኅበሩ በ1935 ከተቋቋመ ጀምሮ በዚህ ሥራ ላይ ነው። 907 ዛሬም የሱ ቁጥር ነው። በአዲስ አበባ የእሳትና አደጋ ሥጋት አመራር በ939 ይጠራል። በ2008 የማደንዘዣ ባለሙያው ክብረት አበበ ጠብታ አምቡላንስን ሲያቋቁሙ የግል አምቡላንስም መንገድ ላይ ወጣ። በገጠሩ ደግሞ ለወረዳዎች በተከፋፈሉት አምቡላንሶች የሚጓዙት በብዛት ምጥ የያዛቸው እናቶች ናቸው።

አምቡላንሱ ለውጥ ያመጣል ወይ የሚለውን በ2016 የታተመ አንድ ጥናት በትግራይ ስድስት የገጠር ወረዳዎች ተመልክቷል። አምቡላንስ ከአማካይ በላይ በተጠቀሙት ወረዳዎች ከእርግዝና ጋር የተያያዘ ሞት ከ100,000 ሕያው ልደት 149 ነበር፤ ከአማካይ በታች በተጠቀሙት 350። ልዩነቱን ሁሉ አምቡላንስ አመጣው ማለት አይቻልም፤ መንገድና ጤና ጣቢያም የየራሳቸው ድርሻ አላቸው። ያም ሆኖ ለመጠየቅ የሚያነሣሣ ቁጥር ነው።

የመጠየቅ ልማዱ ደግሞ በአገሩ አለ። ከ2013 ጀምሮ የእናቶች ሞት ተመዝግቦ የሚመረመርበት ሥርዓት ተዘርግቷል። ምርመራው ሦስት መዘግየቶችን ይለያል፦ ለመሄድ እስኪወሰን፣ እስኪደረስ፣ ደርሶ እስኪታከም። ሁለተኛው መዘግየት የአምቡላንሱ ነው። ነገር ግን ምርመራው የሚጀምረው ከሞት በኋላ ነው። ክሊኒካል ኦዲት የሚጨምረው በሕይወት የደረሱትን ማንበብ ነው፤ እነሱ ይበዛሉ፣ ካርዳቸውም አፍ አለው። ለመጀመር የሚያስፈልገው በአንድ ገጽ የሚገባ ነገር ነው፦ የተደወለበት ሰዓት፣ የተነሡበት ሰዓት፣ እናትየዋ ደጅ የደረሱበት ሰዓት፣ የደም ግፊቷ፣ ደም ይፈሳት እንደነበር፣ በመንገድ ምን እንደተሰጣት፣ ለማን እንደተረከበች። ባለሙያ ሳይሳፈርበት በሾፌሩ ብቻ የሚሄድ አምቡላንስ ብርቅ ባልሆነበት ቦታ «የደም ግፊት» የሚለው ሳጥን ወር ሙሉ ባዶ ሊሆን ይችላል። ያ ባዶነት ለወረዳው ጤና ጽሕፈት ቤት ከማንኛውም ማመልከቻ የበለጠ ማስረጃ ነው፤ ከሾፌሩ ጎን አንድ አዋላጅ ነርስ እንድትቀመጥ የሚጠይቀው እሱ ነውና።

በኦዲተሩ ጠረጴዛ ላይ አሁንም ካርድ አለ። ከስድስት ወር በኋላ የተጻፈ ነው፤ ሌላ ሰው፣ ሌላ ሌሊት፣ ያው የደረት ሕመም። ኢሲጂ አለ። አስፕሪን አለ። ናይትሮግሊሰሪን አለ። የመጀመሪያው የሕመም ቁጥር 8 ነው። ከሥሩ፣ በሚንቀጠቀጥ መኪና ውስጥ በተጻፈ ጠማማ እጅ ጽሕፈት፣ ሞርፊን ከነመጠኑና ከነሰዓቱ ሰፍሯል። ሁለተኛው ሳጥን ውስጥ 3 ይላል። ኦዲተሩ «ተሟልቷል» በሚለው ዓምድ ላይ ምልክት ያደርግና ከክምሩ ቀጣዩን ካርድ ያነሣል።